መጀመሪያ እኔ ልግባ

ጥር 14

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ አላባራም። ከቦዩ ዳር ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ደንበኛ የሚባል ዝር አላለም። የኢማሙን ጀለቢያ አንገት ሰፋሁ… አጠበብኩት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። እጄ እንጂ ልቤ ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። «ክኒኑ ሰርቷል፤ የጉበቱ ቫይረስ ካንተም ከባለቤትህም ደም ወጥቷል» አለኝ። ጉበት ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይጠፋም አለ። ጣፊያዬም አብጧል፤ የልጅነቱ ቢልሃርዚያ ነው። «ማንሱራ ከተማ ሆስፒታል ሄዳችሁ ጉሮሯችሁን በካሜራ ትታያላችሁ። ሁለታችሁም።»

በካሜራ… በጉሮሮ የሚገባ ቱቦ ማለቱ ነው።

ሁለታችሁም ያለው ለወጉ ይሆናል። ባለቤቴ ኢንሳፍ ምን አለባት? አርባ ዳክዬ ታረባለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ቤቱን ትሸከማለች። የሚታመመው እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ምን ይለኛል። ደህና ናችሁ አለ።»

ጥር 15

እንቅልፍ የለም። አልሄድም። በቃ።

ጥር 19

ዛሬ በዩሚ ትዝ ሲለኝ ዋለ። ታላቅ ወንድሜ ነበር። እዚሁ መንደራችን ሚት ረዋሽ፣ እዚሁ ቤት፣ ዓሣ እየበላን ሳለ ነው የሆነው። ደረቱን ያዝ አደረገና «ሻዝሊ፣ ሆዴን ሞቀኝ» አለ። ከዚያ ደም። ከሰው ውስጥ ያን ያህል ደም ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሆስፒታል በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት። ጫፉ ላይ ፊኛ አለው። ውስጥ ገብቶ ይነፋል፣ የሚደማውን ደም ስር ይጫነዋል። ቱቦው እንዳይንሸራተት በገመድ ክብደት አንጠለጠሉበት። መናገር አይችል… ዓይኑ ብቻ ይከተለኛል። በማግስቱ ሞተ።

ቱቦ የሚል ቃል ስሰማ እጄ ሳላዘው ጉሮሮዬን ይይዛል። ለማን ልንገረው? ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላኝ ሰው!

ጥር 21

ታወቀብኝ።

ኢንሳፍ ከገበያ እንደተመለሰች ቅርጫቷን እንኳ ሳታወርድ ሱቁ በር ላይ ቆማ በልጃችን ስም ጠራችኝ።

«የራዊያ አባት፣ ሐኪሙ ደህና ናችሁ አለ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዳክዬ ልትገዛ መጥታ ነበር። ዳክዬዬን ወሰደች፣ ውሸትህን ሰጥታኝ ሄደች።»

መርፌዬን መልሼ ጨርቁ ላይ ሰካሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ በመርፌ ስትወጋ ትውላለህ። ቱቦ ያስፈራሃል?»

«መርፌውን የምወጋው ጨርቁን ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። በዩሚን አላነሳችም፤ እሱን እንዳሰብኩ ግን አውቃለች። «ስማኝ» አለች። «እኔም ታይ ተብያለሁ አይደል? መጀመሪያ እኔ ልግባ። ከሞትኩ ትሮጣለህ። ካልሞትኩ ተራህ ነው።»

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። አፍሬ ነው እሺ ያልኩት።

ጥር 30

ቀጠሮ ተያዘ። የሚያደርሰን የኢንሳፍ ወንድም ፈትሒ ነው፤ ሚኒባስ አለው። «ተሳፋሪ ሳልጭን ለእናንተ ብቻ እሄዳለሁ» ብሏል። ደግ ሰው ነው። ጎማው ቢፈነዳበት ግን አልጠላም ነበር።

የካቲት 3

ይህን ቀን እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ…

በባዶ ሆድ ሄድን። ማንሱራ የሆስፒታሉ ኮሪደር እንደኛ ባሉ ሰዎች ሞልቷል። በጀለቢያቸው ስፌት ከየት መንደር እንደመጡ አውቃለሁ። ሁሉም ምራቁን ይውጣል። ሐኪሟ ዶክተር ናጅላ ትባላለች። ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ። «ሐጅ» ትለኛለች፤ መካን በሕልሜም አላየሁም።

ኢንሳፍ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝና ገባች። ሰርግ ቤት የምትገባ ነው የምትመስለው። እኔ በር ላይ ጫማዋን አቅፌ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ በአልጋ እየገፉ አወጧት። በማደንዘዣው ዓይኗ ተንከራቷል። «ምንም አይደል» አለችኝ በተሳሰረ ምላስ። «ትልቅ ባሚያ እንደመዋጥ ነው። ግባ።»

ገባሁ። ጉሮሮዬ ላይ መራራ ነገር ነፉብኝ። በግራ ጎኔ አስተኙኝ፤ ጥርሴ መሃል ፕላስቲክ አስነከሱኝ። ነርሷ ትከሻዬን ያዘች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የበዩሚን ስም መጥራቴን ነው።

ስነቃ ዶክተሯ አጠገቤ ነበረች። «ሐጅ ሻዝሊ፣ የእርስዎ ጉሮሮ ንጹህ ነው። ያበጠ ደም ስር የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግመን እናያለን።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። አለቀስኩ። የነርሷን እጅ ልስም ምንም አልቀረኝ።

ዶክተሯ ጮቤ ረግጬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «አሁን ስለ ባለቤትዎ ልንገርዎት» አለች።

ኢንሳፍ በማደንዘዣው መልሳ ተኝታለች፤ ፈትሒ አጠገቧ ነው። ዶክተሯ ብቻዬን አስቀመጠችኝ።

«የወይዘሮ ኢንሳፍ ጉበት ጠባሳ ሞልቶታል። ደሙ እንደ ልቡ አያልፍበትም። ገበሬ ነዎት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ያደግኩት ሩዝ ማሳ ነው።»

«የቦዩ በር ሲዘጋ ውሃው ምን ያደርጋል?»

«በጎን ይሄዳል። ዳሩን ይሸረሽራል።»

«እንደዚያ ነው። ደሙ በጉሮሮዋ ግድግዳ ባሉ ቀጫጭን ደም ስሮች መንገድ አበጀ። እነሱ ይህን ሁሉ ለመሸከም አልተፈጠሩም። አብጠው ጣት አክለዋል። በላያቸው ደግሞ ቀይ ምልክት አይቻለሁ። ግድግዳቸው ሳስቷል ማለት ነው።»

«አሞኝ አያውቅም እኮ ነው የምትለው!»

«አያምም። እስኪፈነዳ ድረስ አይሰማም። በካሜራ የምንፈልገው ለዚህ ነው።»

ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኳትም። አውቀዋለሁ።

የልብ ምቷን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ክኒን ትጀምራለች፤ ግፊቱን ይቀንሳል። ከዚያ ደም ስሮቹን አንድ በአንድ በትንንሽ ላስቲክ ያስሯቸዋል፤ ታስረው ይደርቃሉ። በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ እስኪጠፉ እንመላለሳለን። አስፕሪንና እሱን የመሰለ ማስታገሻ በአፏ እንዳይዞር። ሰገራዋ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳት «ነገ እንይ» የሚባል ነገር የለም፤ የዚያኑ ሰዓት ማምጣት ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች። ዝም ስል ታዘበችኝ መሰል እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«አገኙብህ አይደል? አይዞህ። እኔ አለሁልህ።»

ፈትሒ በመስታወቱ አየኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የካቲት 4

ነገርኳት። ዳክዬ ስታበላ ነው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጬ አልችልም።

«ኢንሳፍ… አንቺ ነሽ።»

«ምን ነኝ?»

«የተገኘብሽ። እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ነሽ።»

ጥሬውን ከእጇ ለቀቀችው። ዳክዬዎቹ እግሯ ሥር ተንጋጉ።

«እኔ እኮ አንተን ላጅብ ነው የሄድኩት» አለች።

የሐኪሟን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። በሩ የተዘጋበትን ቦይ ጭምር። ስጨርስ ጥርሷን ስትፍቅ እንደሚደማት፣ ማታ ማታ እግሯ እንደሚያብጥ፣ ደረጃ ስትወጣ እንደሚደክማት አወራችልኝ። ከዓመት በላይ ሆኗታል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በአንድ ቤት አንድ የሚያማርር ሰው ይበቃል ብዬ።»

ይህን የተናገረችው በቁጣ አይደለም። ለዚህ ነው ልቤን የወጋኝ።

የካቲት 5

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ የጮህኩበት ድምፄ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ሰዓት እሷ ከመጋረጃው ማዶ ተኝታ ነበር።

የካቲት 10

ክኒኑን ጀምራለች። ትፈዛለች፣ ያዞራታል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምቷን የምለካው እኔ ነኝ፤ ነርሷ አሳይታኛለች። ሁለት ጣቴን አንጓዋ ላይ አሳርፌ ሰዓቴን አያለሁ። ከሃምሳ በታች ከወረደ መደወል አለብኝ።

«ምን አለ?» ትለኛለች።

«ይመታል።»

«ለዚህ ነው ይህን ያህል ያቆየኸኝ?»

ስንት ዓመት አብረን ኖርን። እጇን ይህን ያህል ይዤ የማውቅ አይመስለኝም።

የካቲት 18

ደም ስሮቿ ታሰሩ። አምስት ላስቲክ። ዶክተሯ «በደንብ ሆኖልናል» ብላለች። ላስቲኮቹ ከቀናት በኋላ ራሳቸው እንደሚረግፉ፣ ሥራቸው ትንሽ ቁስል እንደሚተዉ ነገረችን። ቁስሉ ሽሮ እስኪጠግግ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኢንሳፍ ደረቷን ይዛ ነው የወጣችው። «ያልላመጥኩት አጥንት የቀረብኝ ይመስለኛል» አለች።

የካቲት 19

እርጎ። የቀዘቀዘ ሾርባ። የሩዝ ገንፎ በወተት ሠራሁላት፤ አረረብኝ። በላችው።

የካቲት 24

ዛሬ ደህና ናት። ለስላሳ ዳቦ በወተት ነክራ በላች። ራዊያ ከዱምያት ደወለች። ልጃችን እዚያ ነው ያገባችው፤ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቷ በስልክ «ትንሽ ጉሮሮዬን ነው» አለቻት። ዓይኔን አፍጥጬ አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

የካቲት 28

አለች። በሕይወት አለች። ሌላ መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 2

አሁን ልጻፈው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሱቅ ነበርኩ። ኢንሳፍ በጓሮ በር መጥታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«የራዊያ አባት… ሽንት ቤት ገብቼ ነበር። ጠቁሯል። እንደ ሬንጅ።»

መቀሱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ፈትሒ ጋ ደወልኩ። እሷ ግን «ሩዙን ጥጄዋለሁ፣ ላውርደውና» ትለኛለች! እሳቱን በእግሬ በተንኩት። ፈትሒ ጫማ ሳያደርግ ነው የመጣው። የጫናቸውን ሰዎች መንገድ ላይ አራግፎ…

ማንሱራ መግቢያ ላይ ያለችው ጣልኻ ሳንደርስ አስመለሳት። ደም። ጀለቢያዬ ላይ፣ መቀመጫው ላይ። ሞቅ ያለ ነው። ፈትሒ ጥሩምባውን እየነፋ ያለቅሳል። ራሷን ታቅፌ ስሟን ብቻ እጠራለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና «አትጩህ፣ እሰማሃለሁ» አለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበሉን። በሁለት እጇ መርፌ ሰኩ። ግፊቱን የሚቀንስ መድኃኒት በግሉኮስ፣ ኢንፌክሽን እንዳይዛት ሌላ መርፌ። ዶክተር ናጅላ እየሮጠች መጣች። መንገድ ዘጋሁባት።

«ፊኛውን ልታስገቡባት ነው?»

«ምን ፊኛ?»

«ወንድሜ ላይ… በአፍንጫው…»

ገባት። ክንዴን ያዘችኝ። «ሐጅ፣ ያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። አሁን ገብተን የሚደማውን ቦታ በዓይናችን አይተን እንዘጋዋለን። በጊዜ ነው ያመጧት።»

ደም ያስፈልጋል ተባለ። የኔን አይቀበሉም፤ ቫይረስ የነበረበት ሰው ደም አይሰጥም። እጄን አጣጥፌ ቀረሁ። ፈትሒ ሰጠ። አንድ ከረጢት ሰቅለው ሁለተኛውን ሳይጨምሩ ሲጠብቁ ጊዜ እኔ አበድኩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ጨምሩላት! ወንድሟ እዚህ አለ፣ ሰፈሩን ሁሉ አመጣለሁ!»

አንድ ወጣት ሐኪም ረጋ ብሎ «አባባ፣ ከመጠን በላይ ከሞላንባት ግፊቱ ይነሳና እንደገና ይፈነዳል። የሚበቃትን ብቻ ነው የምንሰጣት» አለኝ።

ልክ ነው። ዳሩ የተሸረሸረ ቦይ ላይ ውሃ አይለቀቅም። ተቀመጥኩ።

ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ? ከሰዓት በኋላው ሁሉ ያ በር ነው። ፈትሒ ሻይ አመጣልኝ፤ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። አልጸለይኩም። ቃል አልመጣልኝም። የመጣልኝ «አትጩህ፣ እሰማሃለሁ» ያለችው ብቻ ነው።

ዶክተሯ ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። «ቆሟል» አለች።

አንዱ ላስቲክ ሲረግፍ ሥሩ የቀረው ቁስል ነው የደማው። የምወቅሰው ሰው ፈለግሁ። ዳቦ በልታ ነው? የዳክዬ ቅርጫት አንስታ ነው? እኔ ነኝ ያበላኋት? «ማንም አላጠፋም» አለችኝ። «ከብዙ ሰው አንዱ ላይ ይህ ይደርሳል። ዳር ላይ ነበርን፤ ተመልሰናል።»

መጋቢት 7

ቤት ነን። ራዊያ ሆዷን ይዛ ከዱምያት መጥታለች። ስትገባ እናቷን አቅፋ፣ ከዚያ ዞራ እኔ ላይ ጮኸች። «ትንሽ ጉሮሮዬን ነው ብላኝ! አንተስ አባዬ? አንተስ አፍ የለህም?»

እንዳላት ነው። አፍ የለኝም።

ኢንሳፍ አልጋ ላይ ሆና «ተይው» አለች። «እሱ ባይሮጥ ዛሬ የምታቅፊያት እናት አታገኚም ነበር።»

መጋቢት 12

ነገር መጣ። ሁለተኛው ማሰሪያ ሊደርስ ነው፤ ኢንሳፍ አልሄድም ብላለች።

«ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ አልደማሁም። እነሱ ነካኩት፣ ደማሁ። ይበቃኛል። ክኒኑን እውጣለሁ።»

ራዊያ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ለመነች። ፈትሒ መጥቶ በአላህ ይዤሻለሁ አላት። ዶክተር ናጅላ በስልክ አነጋገረቻት፤ ግማሹ ደም ስር ገና እንዳልታሰረ፣ የደማ ሰው ከተተወ ተመልሶ እንደሚደማ አልደበቀቻትም። ኢንሳፍ በአክብሮት «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ያቺ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነች አውቃለሁ። ገበያ ላይ የማይሸጥ ዳክዬ ሲጠይቋት የምታወጣት ድምፅ ናት።

እንዴት አድርጌ ነው የምናገራት? እኔ? ጎማ ይፈንዳ ብሎ ሲመኝ የነበረው?

መጋቢት 14

ራዊያ ተኝታ ነበር። ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን እላጥላታለሁ። ስናገር እጄን ነበር የማየው።

«ኢንሳፍ፣ እኔ ፈሪ ነኝ።»

«ይህን ልትነግረኝ ነው ከሱቅ የወጣኸው?»

«አዳምጪኝ። በዩሚ የሞተ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ዓሣ እበላ ነበር። ሞቱ ጉሮሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ አጥንት ልልቀምልህ እለዋለሁ። ማን አወቀ? ማንም አላየለትም። ያንቺን ግን አውቃለሁ። አሁን አውቄ፣ በየቀኑ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ዳቦ ስትቆርሺ ላይሽ ነው? አልችልም። እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ብርቱካኑን ከእጄ ወስዳ ራሷ መላጥ ጀመረች። መሃል ላይ አቆመች።

«ፈርቻለሁ» አለች።

በትዳራችን ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እናቷ ስትሞት አላለችውም። ራዊያን አምጣ ልትሞት ስትደርስ አላለችውም።

«ያ ደም ሲወጣ… ሻዝሊ፣ ውስጤ ባዶ ሲሆን ተሰማኝ። እንደገና እዚያች አልጋ ላይ በግራ ጎኔ ተኝቼ አፌን መክፈት… እምቢ ይለኛል።»

አላባበልኳትም። አይዞሽ አላልኳትም። እኔ ስፈራ አይዞህ ሲሉኝ ይብስብኛል። እጇን ያዝኩ። ብርቱካን ብርቱካን ትሸታለች።

«አብረኸኝ ትገባለህ?» አለች።

«አያስገቡኝም።»

«እንግዲያው በሩ ላይ ቁም። ድምፅህን ልስማ።»

«ምን እያልኩ?»

«አማርር። ትችልበት የለ?»

መጋቢት 21

ሁለተኛው ማሰሪያ። በሩ ላይ ቆምኩ። ስለ ወገቤ ጀመርኩ፤ ከዚያ ስለ ክር መወደድ፣ ስለ ኢማሙ ጀለቢያ አንገት፣ ስለ ፈትሒ አነዳድ። ኮሪደሩ ሁሉ ያየኛል። አንድ ሽማግሌ «ልክ ነህ ልጄ፣ ክር ተወዷል» አሉኝ። ነርሷ ወጥታ «አባባ ዝም ይበሉ፣ ሆስፒታል ነው!» አለችኝ። ከኋላዋ የዶክተሯ ድምፅ መጣ፦

«ተይው። እሱ ሲናገር የልብ ምቷ ይረጋል።»

እስኪጨርሱ ተናገርኩ። ድምፄ ተዘጋ።

መጋቢት 30

ላስቲኮቹ የሚረግፉበት ሰሞን ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ንገሪኝ።»

«ደህና ነው። ሰው ይሰማል፣ ሂድ ከዚህ!»

ሚያዝያ 6

አለፈ። አልደማችም።

ሚያዝያ 20

ሦስተኛው። ሁለት ላስቲክ ብቻ ነው የጠየቀው። ሌላው ደርቆ ጠባሳ ሆኗል። ዶክተሯ ስዕሉን አሳየችኝ። የኢንሳፍን ጉሮሮ ከውስጥ አየሁት… ሮዝ ነው፣ ያበራል። ደም ስሮቹ ከነበሩበት ነጫጭ ምልክት ቀርቷል፤ ክሩ የተፈታ ስፌት ጨርቅ ላይ ጥሎት የሚሄደውን ይመስላል።

ዛሬም በር ላይ ቆሜ ስናገር ነበር። ኢንሳፍ ስትወጣ «የወገቡ ታሪክ ረዘመ፣ ሌላ ፈልግ» አለችኝ።

ግንቦት 3

ራዊያ ወንድ ልጅ ወለደች። ዱምያት ሄድን። ኢንሳፍ ሕፃኑን አቅፋ አንድ ሰዓት አልሰጥ አለች። ለልጁ ምንም አላለችውም። ጆሮውን፣ ጣቱን፣ አንገቱን ብቻ አየች። እኔ ደግሞ እሷን።

ግንቦት 24

ታየች። የሚታሰር አልተገኘም። ጠፍተዋል።

ዶክተር ናጅላ ደስታችንን እንዳየች ቶሎ ገታችን። «ጉበቱ አልተለወጠም። በሩ አሁንም ጠባብ ነው፤ ደሙ ሌላ ጊዜ ሌላ መንገድ ሊያበጅ ይችላል። ክኒኑ አይቋረጥም። ከጥቂት ወራት በኋላ በካሜራ፣ በየስድስት ወሩ ጉበቷን በአልትራሳውንድ እናያለን። ዕድሜ ልክ።»

«ዕድሜ ልክ» አለች ኢንሳፍ ቀስ ብላ። ቃሉን ለገበያ እንደምታነሳው ዳክዬ መዘነችው። «ጥሩ ነው። ዕድሜ አለ ማለት ነው።»

ሰኔ 9

ሙቀት። የሩዝ ችግኝ ተከላ ነው፤ ሴቶቹ ማሳው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው ይዘፍናሉ። ድምፃቸው እስከ ሱቁ ይሰማል።

ከቀትር በፊት ኢንሳፍ መጣች። ጥቅል ጨርቅ ይዛለች። ከገበያ የገዛችው፤ ሰማያዊ፣ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያለበት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ስፋልኝ።»

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ።»

እኔ የወንድ ጀለቢያ ሰፊ ነኝ። ለሷ ሰፍቼ አላውቅም። ከገበያ የተሰፋ ገዝታ፣ እስኪያልቅ ለብሳ፣ ያንን ጥላ ሌላ ጥቁር ትገዛለች። አበባ ያለበት ነገር ላይዋ ላይ አይቼ የማላውቅ ይመስለኛል።

ሜትሬን አንስቼ ለካኋት። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ትንሽ አፍራለች፣ እኔም። ከስታለች። በዓይኔ የማውቀው ነው፤ በሜትር ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ። ቁጥሩን ጨርቁ ጥግ ላይ በጠመኔ ጻፍኩት።

እየተመለከተችኝ ነበር።

«ስንት መጣ?»

ነገርኳት።

ትንሽ አሰበችና ጨርቁን በመዳፏ አስተካክላ ወደ እኔ ገፋችው።

«በልኩ እንዳትቆርጠው» አለች። «ሰፋ አድርገው። እወፍራለሁ።»

ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩት።